ጎማ ያለው ዛፍ

መስከረም 28

ለእትዬ፣

ስልክ ከጆሮዎ ጋር ከተጣላ ወዲህ ብዕር መያዝ ግድ ሆነና ይኸው ተቀመጥኩ። ዓይንዎን እንኳ ይጠብቅልኝ። እሱም ከደከመ ልጅዎ ሱቁን ጥሎ የእኔን የዶሮ ጭረት ሊያነብልዎ አይቀመጥም።

አዎ፣ በልቼ ነው የማድረው። አስቀድመው የጠየቁኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ መለስኩ። አዎ፣ የእህትዎን ልብስ ሰጥቻለሁ። ያቺን አረንጓዴ ሹራብ ግን አልሰጠሁም፤ ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ሥራም አለ። ሰሞኑን የአንድ ጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ወንበሮችን እያለበስኩ ነው። ይህን ያህል ዘመን ሶፋና ወንበር ሳለብስ ኖሬ ልብ ያላልኩትን ነገር አየሁ። የፈራ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ጠርዙ ያልቃል፣ መሃሉ ግን አዲስ እንደሆነ ይቀራል። እኔም ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ በገዛ ቤቴ ጠርዝ ላይ ነው የምቀመጠው መሰለኝ።

ሊቺው አለ፣ ያ የፍሬ ዛፍ። ቁመቱ እኔን አልፎ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ዘሩ ከደረቀ ይሞታል ብለው ስላስፈራሯት፣ ከእርስዎ ግቢ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ በእርጥብ መሐረብ ጠቅልላ በጭብጧ ይዛው እንደመጣች ያስታውሳሉ። በጣሳ ተክላው ሳይ «ደግሞ ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «የእህቴ ማሳፈሪያ» አለችኝ። «ልጅ ሆነን ከዛፋችን የበሰለውን ሁሉ እሷ ትበላና ለእኔ ቀዩን ልጣጭ ትተውልኝ ነበር። ከራሴ ዛፍ ልጬ ነጩን አጎርሳትና ታፍራለች።» ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ስቀንበታል። የመጨረሻ ጊዜ ግን ያለ ሳቅ ነው የነገረችኝ። «አንተ አጉርሳት» አለች። እንግዲህ አደራው ወደ እኔ ዞሯል። አንድ ፍሬ አፍዎ ሳላደርስ አልሞትም ማለት ድፍረት ነው። እንዳልሞት ግን እለምናለሁ።

እስካሁን ለምን አላበበም ላሉኝ፣ እኔ ምን አውቄ። ከዘር የበቀለ ቶሎ አይሰጥም ብለውኝ ነበር፤ ዕድሜው ግን ደርሷል። ከእንክብካቤ ጉድለት እንዳይመስልዎ። ከጣሳ ያዛወርኩበት በርሜል ሥር አራት የሶፋ ጎማ ገጥሜለታለሁ፤ ፀሐይ ሲወጣ ወደ በረንዳ፣ ሲበርድ ወደ ክፍል እየገፋሁ አስገባዋለሁ። አምና ቅጠሉን ብርድ ስላቃጠለው ዘንድሮ ቀድሜ አልብሼዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከእናትየዋ ዛፍ ግርጌ አንድ ከረጢት አፈር ቢልኩልኝ። የሊቺ ሥር የዘመዱን አፈር ይወዳል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

እህትዎ ባወጣችልኝ ስም፣
ሚስማሩ

ኅዳር 3

ለእትዬ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ሳቅሁም ደነገጥኩም። ለካ ጠግቦ ሳለ እያጎረስኩት፣ ሞቆት ሳለ እያለበስኩት ነው የኖርኩት! ሊቺ ብርድ ካላየ አያብብም፣ ደረቅ ብርድ ሲመታው ነው ፍሬ ማፍራት ትዝ የሚለው፣ ማለትዎ ልቤን ወጋው። ይህን ሁሉ ዘመን አበባ እየለመንኩ በርና መስኮት ስዘጋበት።

እንዳሉኝ ወደ በረንዳ አውጥቼዋለሁ፤ አሁን እዚያው ነው የሚያድረው። ጎማው ሲንጫጫ ጎረቤቴ ሰማ። ያ የቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ስለ እሱ ጽፌልዎታለሁ፣ አፉ እንደሚያፈስ ቧንቧ መዝጊያ የሌለው። አንገቱን ብቅ አድርጎ፣

«ጎረቤት፣ ዛፍህን የት ልትወስደው ነው? ሐኪም ቤት?» አለኝ።

«ብርድ ሊመታ።»

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። እንዲያብብ ነው።»

«እኔ ስንት ክረምት ሙሉ ብርድ መታኝ፤ መች አበብኩ!» ብሎ ገብቶ ተኛ።

ግንዱን ግን አልገለጥኩበትም። ቢቆጡኝም ባይቆጡኝም እውነቱን ልንገርዎ። አናቱ ይብረደው፣ እሺ፤ ሰውን የሚገድለው ብርድ ግን በወገብ የሚገባው ነው። ስለዚህ ከላይ ያለውን ብቻ ገፍፌ የግንዱን ልብስ ተውኩለት። ደህና አድርጌ ነው ያለበስኩት፤ እጄ ይህን ያውቃል።

አፈሩን ዝናቡ እስኪያባራ ብለዋል። እሺ፣ እጠብቃለሁ። እናትየዋ ዘንድሮም ጥላዋ ሰፊ ነው፣ «ይህንንም የምጽፍልህ ጥላዋ ሥር ሆኜ ነው» ያሉት ደስ አሰኝቶኛል። ከእርስዎ ጋር የተቀመጥኩ ያህል ነው ያነበብኩት።

ሚስማሩ

ጥር 4

ለእትዬ፣

ዝምታዬ ካሳሰብዎ ይቅር ይበሉኝ። አልታመምኩም። ጠፍቼም አይደለም። ሰው ያልሞተበት ሰው «ጊዜ ይሽረዋል» ሲለኝ ከርሞ፣ እኔም ደህና ሆኛለሁ ብዬ ለመጻፍ ስጠብቅ ቀናቱ ሄዱ። አልሆንኩም። እንዲያው ልጻፍ።

ጸሎት ታደርሳለህ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አደርሳለሁ። ግን ሐቁን ልንገርዎ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ልቤ እንደ ሥራ ፈት ዳር ቆሞ ያያል። በፊት እሷ ከጎኔ ስትሆን ጸሎቴ ሁለት እግር ነበረው መሰለኝ። አሁን ብቻዬን ስንበረከክ የማስበው ነገር ቢኖር በረንዳው ላይ ያለውን ነው። «ጌታዬ፣ ያንን ዛፍ» እላለሁ። ሌላ ነገር አይመጣልኝም። ለዛፍ መጸለይ ኃጢአት ይሆን? የሰፈሩን መምህር ልጠይቅ ሄጄ አፍሬ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ተመለስኩ።

ብርዱ ዘንድሮ ከባድ ነው። የዛፉን ቅጠል ለማየት የበረንዳውን በር ስለምከፍት እኔም አብሬው እየበረደኝ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው «ሁለታችሁ አብራችሁ ልታብቡ ነው?» አለኝ። የግንዱን ልብስ ነካ አድርጎም፣ «ይሄ'ኮ ሶፋ ነው! ቁልፍ ብትሰፋለት እንቀመጥበት ነበር» አለ። ስፖንጁን፣ በላዩ ጆንያውን፣ በላዩ ላስቲኩን እንዴት አድርጌ በሲባጎ እንዳሰርኩት አይቶ ነው። ሥራዬን ሲያደንቅ የመጀመሪያው ነው፤ ስድብም ቢሆን ተቀብያለሁ።

የእናትየዋን ፎቶ ልጅዎ ስልኩ ስለተሰበረ ማንሳት አልቻለም ብለዋል። ችግር የለም። ሲጠገን።

ሚስማሩ

የካቲት 8

እትዬ! እትዬ!

ሰላምታውን ዛሬ ይዝለሉልኝ። ዛፉ አበበ!

አንድ ቅርንጫፍ እንዳይመስልዎ። አናቱ በሙሉ፣ የያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ፣ ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ። መጀመሪያ እንደ ፍርፋሪ ነገር ሲወጣ ተባይ መስሎኝ ላራግፈው ነበር፤ እጄን የያዘው አምላክ ይመስገን። አሁን እንደ ሻማ ተንጠልጥሎ፣ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ የማይባል ቀለም፣ የአበባ ቅጠል የሚባል ነገር እንኳ የለውም፤ ሽታው ግን ማር ነው። ንቦች ከየት ሰምተው እንደመጡ አላውቅም። ቧንቧ ሠራተኛው በሩን ቆርቁሮ ገባና ቆሞ አየው፣ ዞሮም አየው። በመጨረሻ «በቃ፣ የሰደብኩህን ሁሉ መልስልኝ» አለ።

ሹራቧን አምጥቼ ዛፉ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ይስቁብኛል። ትይ ብዬ ነው።

እንግዲህ አፍዎን ያዘጋጁ! ቀዩን ልጣጭ እኔ እበላለሁ፣ ነጩ የእርስዎ ነው። እንዳይበላሽ በምን ጠቅልዬ እንደምልከው ከአሁኑ እያሰብኩ ነው። ወይም ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ለምን አልመጣም? በእናትየዋ ጥላ ሥር ተቀምጠን እርስዎን አጎርሳለሁ። አደራዬን ተወጥቼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድዬ ያውቃል።

ለጠየቁኝም፣ አዎ፣ ብርዱ ስላለፈ የግንዱን ልብስ ገፍፌዋለሁ። ስፖንጁ ውሃ ይዞ ኖሮ ከባድ ሆኗል፤ እያጠጣሁት ሳለ ይገባበት ኖሯል። ግንዱ ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ ቦታ አለ፤ በጨርቅ ጠርጌዋለሁ። ለስለስ ይላል። ምንም አይደለም።

ደስታ ያናወዘው፣
ሚስማሩ

የካቲት 21

ሚስማሬ፣

ደስታህን አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ትንሽ ጠቆር ያለ ቦታ» አነበብኩ።

ሂድና በጥፍርህ ፋቀው። ዙሪያውን ፋቀው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከበሰበሰ ዛፉ ሞቷል፤ መርዶው ገና አልደረሰውም እንጂ። አናቱ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በዚያ ቅርፊት ነበር። መንገዱ ሲዘጋበት ከላይ ይከማቻል፣ ያለውን ሁሉ አውጥቶ አንዴ ያብባል። ችግኝ ጣቢያ በሠራሁበት ዘመን ስንት አይቻለሁ። ሥሩ ግን ከታች እየተራበ ነው። ፍሬው ሳይበስል ይሄዳል።

እህቴ በመጨረሻዋ ሳምንት ተነሥታ ቤት ጠረገች፣ ጸጉሯን አበጠረች፣ በደንብ በላች፣ ዳነች እኮ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ያኔም አውቄያለሁ። ያኔም አልነገርኩህም። አሁን ልንገርህ።

አንድ የሚሞከር ነገር አለ። የጣት ውፍረት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ምረጥ፤ ቅርፊቱን እንደ ቀለበት ልጠህ አንሳ። እርጥብ የኮኮናት ገለባ አልብሰህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ ከላይም ከታችም እሰረው። ዕድል ካለው እዚያው ላይ ሥር ያወጣል፤ ያኔ ቆርጠህ ትተክለዋለህ። አበባውን ግን አርግፍ። ሁሉንም። አበባም ሥርም ከአንድ ጎተራ ነው የሚበሉት፣ ጎተራው ደግሞ ሊያልቅ ነው። አንድም አትተው፤ ለእኔ ብለህም አትተው። ይይዛል አልልህም። ከእንዲህ ካለ ዛፍ አብዛኛው አይይዝም።

ከእናትየዋ ቆርጠው ይላኩልኝ ትለኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው ይህን ሁሉ የምዘባርቀው። እናትየዋ የለችም። ልጄ ለመኪናው ማቆሚያ ብሎ አስቆረጣት፤ እህቴ ሳትሞት በፊት ነው። ከእሷም ደብቄዋለሁ። ሥሯን እንኳ ነቅሎ ሲሚንቶ አፍስሶበታል፤ አፈር ያልላክሁልህ ለዚህ ነው። እኔ ያለሁት ከሱቁ ኋላ ባለች ክፍል ነው። መስኮቷ ግድግዳ ነው የሚያየው። ጥላዋ ሥር ሆኜ ነው የምጽፍልህ ስልህ ግን፣ ያንን ስጽፍ፣ ለዚያች ሰዓት ጥላ ነበረኝ።

ከእሷ ዘር የቀረው ያንተው ብቻ ነው።

እትዬ የምትለኝ

መጋቢት 6

ለእትዬ፣

ፋቅሁት። ዙሪያውን ነው።

ተቆጥተህብኛል ወይ ብለው በኋላ የላኩትን ቁራጭ ወረቀት አግኝቻለሁ። ልቆጣ ሞክሬ ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «ዋሸችኝ» አልኩ። ቀጥሎ ራሴን ጠየቅሁ፤ እርስዎ እውነቱን ቢጽፉ ኖሮ እህትዎ በዚያ አልጋ ላይ ሆና ስለ ምን ታወራኝ ነበር? ሁልጊዜ ስለዚያ ግቢ ነበር የምታወራኝ። አንዱ ሲደብቅ ሌላው የሚያርፍበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ኃጢአት ከሆነ እኔም ተካፍዬዋለሁ፤ ጣፍጦኝ ነው የሰማሁት።

ይልቅ የከበደኝ የእኔው ነው። ድርቅ መታው፣ ትል በላው ብዬ ልርሳው ብል አልሆነም። የገደለው ልብሱ ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ወንበር ሳለብስ የተማርኩትን ሁሉ አውጥቼ ነው ያለበስኩት፤ አንድ ስፌት እንኳ አልሳትኩም። አጥብቄ ነበር ያሰርኩት፣ ብርድ እንዳይገባ ብዬ። አየርም አልገባም። «ጌታዬ ያንን ዛፍ» ስል ከርሜ፣ እሱ ብርዱን ሲልክለት እኔ ከሥር በስፖንጅ ስከለክል ነበር። እሷንስ ምን ያህሉን ከለከልኳት? ሐኪሙ ትንሽ ትራመድ ሲል «አይ፣ ትረፍ» እያልኩ ትራስ በትራስ ላይ ስደርብላት የነበርኩት ሰው እኔ ነኝ። መልስ እንዲሰጡኝ አይደለም የጠየቅሁት።

አበባውን አረገፍኩት። የጨርቅ መቀሴን ይዤ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ቧንቧ ሠራተኛው ወንበሩን ያዘልኝ።

«ሁሉንም?» አለ።

«ሁሉንም።»

«አንድ እንኳ አትተውም? ለዓይን?»

«አንድም አትተው ብለዋል እትዬ።»

«ጨካኝ ሴት ናት» አለ፤ ይቅር ይበሉት፣ እንባው እየመጣበት ነው። ወለሉ ተሸፈነ። ንቦቹ እየመጡ መቀሴን፣ እጄን፣ ባዶውን ጫፍ ይዞሩ ነበር። ስጠርገው ቤቱ ማር ማር ሸተተ።

ከዚያ እንዳሉኝ አደረግሁ። ገለባው ሩቅ አልነበረም፤ የድሮ ሶፋ ሆድ ሲቀደድ የሚወጣው እሱ አይደል? ከአንድ አሮጌ ወንበር አውጥቼ፣ አጥቤ፣ አርጥቤ አለበስኩት። ሲባጎውን አስሬ ፈታሁ፣ ፈትቼ አሰርኩ። ደግሞ ላለብስ ነው ብዬ።

«የሚሆነው ምንም ቢሆን ክፉውን እንዳትጽፍልኝ፤ እኔ የማየው ግድግዳ ነው» ብለዋል። አነበብኩት። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም።

ሚስማሩ

ሰኔ 19

ለእትዬ፣

በመዘግየቴ ይቅርታዎን። ጉንፋኑ እንደለቀቀዎ ከሰማሁ በኋላ ቀለል ብሎኛል። ልጅዎ መብራት ስላስገባልዎም እግዜር ይስጠው፤ ሰው በአንድ በኩል ሲያጎድል በሌላ በኩል ይሞላል።

እዚህ ዝናብ ገብቷል። የጥርስ ሐኪሙ ወንበሮች ተመልሰው መጡ፤ ጠርዛቸው እንደገና አልቋል። ሰው አሁንም ይፈራል ማለት ነው። አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ደግሞ ከእንግዳ ክፍል ወደ መኝታ እየገፋች የምትወስደው ሶፋ ፈልጋ፣ ጎማ ከየት ላምጣ ስል አራት ጎማ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ ስለነበር እሱን ገጠምኩላት። በደንብ ይሽከረከራል፤ መንጫጫቱን እንኳ ትቷል። በርሜሉን ቧንቧ ሠራተኛው ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ላጠራቅምበት ብሎ ወሰደው። ሲወስደው ቀልድ አልጨመረም። የኮኮናቱን ገለባም ፈትቼ አየሁትና ንጹሕ ነበር፤ እንደገባ ነው የወጣው፣ ትራስ ሞላሁበት። በረንዳው ሰፍቷል። ከወንበሬ ሆኜ አሁን መንገዱ እስከ ማዞሪያው ድረስ ይታየኛል፤ ያ ሁሉ ብርሃን የት ነበር እላለሁ።

እጸልያለሁ። ምን ብዬ እንደምለምን ስለማላውቅ ዝም ብዬ እንበረከካለሁ። ሹራቧን ለብሼ። ጠቦኛል።

ሥር አወጣ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ደጋግመው ነው የጠየቁኝ፤ ሳልመልስ ማለፌን እንዳወቁብኝም አውቃለሁ። በሕይወቴ ብዙ ሚስማር በአፌ ይዣለሁ፣ እንደዚህኛው የከበደኝ የለም። አንድዬ ይህችን አንዷን ይለፈኝ።

ዛፉ ደህና ነው፣ እትዬ። ዘንድሮ ቅጠሉ በዝቷል። ፍሬው ሲቀላ ነጩን ልጬ አመጣልዎታለሁ፤ እንዳሳፈረችዎ ለእሷም እነግርልዎታለሁ። ይህንንም የምጽፍልዎ ጥላው ሥር ሆኜ ነው።

ሚስማሩ